«ፈቃድ አለኝ» ሲል የትኛውን ነው? ደሴ ላይ ሳይኮሎጂስት ስንፈልግ

እቴቴ ስትተኛ ትራሷ ሥር አንድ ፌስታል አለ። ውስጡ የቤቱ ካርታ፣ መታወቂያዋና የሟች ባሏ የጡረታ ደብተር ተጠቅልለዋል። ጫማዋን አታወልቅም። ሸራ ጫማ ነው። ክሩን ጠበቅ አድርጋ አስራ፣ ከነጫማዋ ብርድ ልብስ ውስጥ ትገባለች።

ይህን ያየሁት በአጋጣሚ ነው። እኔ የምኖረው ኮምቦልቻ ነው። አንድ ቀን ለሥራ ደሴ ወጥቼ መሸብኝና እሷ ዘንድ አደርኩ። ሌሊት ላይ የጎረቤት የቆርቆሮ በር በነፋስ ሲጋጭ ብድግ አለች። እኔ ዓይኔን ሳሻሽ እሷ በሩ ጋ ደርሳለች። ፌስታሉን ብብቷ ሥር ይዛዋለች። ቆማ አዳመጠች። ከዚያ ተመልሳ ተኛች። ጠዋት ስጠይቃት «የቱ በር?» አለችኝ።

እቴቴ አክስቴ ናት። ሰኞ ገበያ በርበሬና ሽሮ ትሸጣለች። ሃምሳን አልፋለች። ይህን የምጽፈው አስፈቅጃት ነው። ስሟን ትቻለሁ፤ እንዳትታወቅም አንድ ሁለት ነገር ቀይሬያለሁ። «ጻፊው፤ ብቻ አብዳ ነበር እንዳትዪ» ብላኛለች።

ነገሩ የጀመረው በ2014 ዓ.ም. ነው። በጥቅምት ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ እኛ ወደ ደብረ ብርሃን ሸሸን። እሷ «ቤቴን ለማን ትቼ?» ብላ ቀረች። ኅዳር መጨረሻ ላይ ስንመለስ ቤቱም እሷም ነበሩ። እኛም «ተመስገን» አልን። በዚያ ከአንድ ወር በላይ ምን እንዳየች አልጠየቅናትም። እሷም አልነገረችንም። ሆድ ይፍጀው ተብሎ ታለፈ። ያን ጊዜ ቀልቡ ያልተገፈፈ ሰው ከተማው ውስጥ ስላልነበረ የእሷ ለብቻው አልታየንም።

ሕመሙ መጀመሪያ በሰውነቷ ነው የመጣው። ልቧ ይመታል። ደረቷን ይይዛታል። ምግብ አይወርድላትም። «ጨጓራ ነው» ተባለ፤ የጨጓራ መድኃኒት ዋጠች። «ብርድ ነው» ተባለ፤ ጋቢ ደረበች። የልብ ምርመራ ተነሣች፣ አልትራሳውንድ ታየች። መልሱ ሁሌም «ምንም የለብሽም» ነበር። ለጤነኛ ሰው ይህ የምሥራች ነው። ሦስት ዓመት እንቅልፍ ላጣ ሰው ግን «ትዋሻለሽ» እንደ ማለት ነው።

ጠበሉም ዱዓውም ተሞክሯል። ወሎ ነው፤ አንዱ ሌላውን አይከለክልም። ግሸን ደርሳ መጣች። የጎረቤት እናቶች ወዳጃ፣ ማለትም የጋራ ዱዓ፣ ሲያደርጉም ቡናው ላይ ተቀምጣ «አሚን» አለች። ከሁለቱም በኋላ ለጥቂት ቀን ቀለል ይላት ነበር። ስለዚህ ዋጋ የለውም የምል ሰው አይደለሁም። አልበቃም ነው የምለው።

ያን ሌሊት በዓይኔ ካየሁ በኋላ ነው በ2017 «ሳይኮሎጂስት እንፈልግ» ያልኩት። እቴቴ ወንፊቷን አስቀመጠችና አየችኝ።

«አማኑኤል ልትወስጂኝ ነው?»

አማኑኤል አዲስ አበባ ያለው የአእምሮ ሆስፒታል ነው። በጣሊያን ወረራ ዘመን የተከፈተ ነው። ለረጅም ዓመታትም ለአገሪቱ ሁሉ ያለው የአእምሮ ሆስፒታል እሱ ብቻ ነበር። ስሙ እኛ ዘንድ ከሆስፒታልነት አልፎ ስድብ ሆኗል። «አማኑኤል ገባ» ከተባለ ሰውየው አለቀለት ማለት ነው። ደግሞም ከደሴ አዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ነው፤ መንገዱም እንደ ሰሞኑ ሁኔታ ነው። «አይደለም፤ እዚሁ ደሴ ነው፤ ወሬ ብቻ ነው» አልኳት። «ለወሬማ ጎረቤት አለኝ» አለች። ተስማማች ግን።

አሁን የምነግራችሁ የራሴን ጥፋት ነው።

መሀል ከተማ፣ አንድ ሕንፃ ላይ፣ «የሥነ ልቦና ማማከር አገልግሎት» የሚል ታፔላ አየሁ። ሰውየውን በቴሌግራምም አውቀዋለሁ፤ ደህና ይናገራል። ደውዬ ቀጠሮ ያዝኩ። እቴቴ የበዓል ቀሚሷን ለብሳ መጣች። ቢሮው ንጹሕ ነው። ግድግዳው ላይ የተሰቀሉ ወረቀቶች አሉ። ከሩቁ አይቼ «የተማረ ነው» ብዬ ደስ አለኝ።

እኔ ውጭ ተቀመጥኩ። በሩ ስስ ስለነበር ድምፁ ይሰማኝ ነበር። ገና አሥር ደቂቃ ሳይሞላ «እናቴ፣ ዓይንዎን ይጨፍኑና የዚያን የጦርነት ሌሊት ነገር ከመጀመሪያው ይንገሩኝ፤ ምንም ሳያስቀሩ» አላት። ለእኔ፣ ለልጆቿ፣ ለንስሐ አባቷ ያልተናገረችውን ማለት ነው። ከዚያ በኋላ የሰማሁት ለቅሶ ነው። ስትወጣ ፊቷ አመድ መስሏል። ላብ አጥምቋታል። እጇ እየተንቀጠቀጠ የነጠላዋን ጫፍ ይፈልጋል። ሰውየው ፈገግ ብሎ «ጥሩ ነው፤ ወጣላቸው» አለኝ። 800 ብር ከፈልኩ። ደረሰኝ የለም።

አልወጣላትም። ያን ሳምንት ጨርሶ አልተኛችም። አራት ቀን ሱቋን አልከፈተችም። በአምስተኛው ቀን ስደውልላት «ለወሬ ነው ብለሽኝ?» አለችኝና ዘጋችው።

በማግስቱ ብቻዬን ተመልሼ ሄድኩ። በሙያዬ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ፤ ውሎዬ ከወረቀት ጋር ነው። በመጀመሪያው ቀን ማድረግ የነበረብኝን ያን ቀን አደረግሁ። «የሥራ ፈቃድህን ማየት እችላለሁ?» አልኩት። ቅር ሳይለው ወደ ግድግዳው አሳየኝ። ተጠግቼ አነበብኩ። ያ ትልቁ ባለ ማኅተም ወረቀት ንግድ ፈቃድ ነው። የሥራ መስክ፦ የማማከር አገልግሎት። እንዲህ ያለውን በቀን ስንቱን አገላብጣለሁ! አጠገቡ የሦስት ቀን ሥልጠና የተሳትፎ ሰርተፊኬት አለ። ሦስተኛው የሳይኮሎጂ የመጀመሪያ ዲግሪው ነው። እውነተኛ ዲግሪ ነው።

«ከጤና ቢሮ የተሰጠ የሙያ ፈቃድስ?» ስለው «ለእሱ አያስፈልግም፤ እኛ መድኃኒት አንሰጥም» አለኝ።

ሰውየው አጭበርባሪ ነበር ለማለት አልደፍርም። ያጠናውን አጥንቷል፤ ለመርዳትም ፈልጓል። ለፈተና የሚጨነቅ ተማሪ ቢመጣለት ይጠቅመው ይሆናል። እቴቴ ግን ተማሪ አልነበረችም። ቁስል ነበራት። እሱ ደግሞ ሳያጥብና ፋሻ ሳያዘጋጅ ከፈተው።

ጨዋታው የገባኝ ከአንዲት መምህርት ነው። ዩኒቨርሲቲ ሳይኮሎጂ ታስተምራለች፤ የባልደረባዬ እህት ናት። «እባክሽ አንቺ እያት» ብዬ ለመንኳት። «አላይም» አለችኝ። «እኔ አስተማሪ ነኝ። አናቶሚ የሚያስተምር ሁሉ ቀዶ ሕክምና ይሠራል እንዴ?» መጀመሪያ ደረቅ መሰለችኝ። አሁን ሳስበው በዚያ ሁሉ መንከራተት እንደ እሷ እምቢታ የጠቀመኝ ነገር የለም።

ቡና ይዘን አስረዳችኝ። ወሎ ዩኒቨርሲቲ ሳይኮሎጂም ሳይካትሪም ያስተምራል፤ ስማቸው ስለሚቀራረብ ሰው ሁሉንም «ሳይኮሎጂስት» ይላል። ሳይኮሎጂ በመጀመሪያ ዲግሪ የተመረቀ ሰው ትምህርት ቤት፣ የሰው ሀብት አስተዳደር፣ የሴቶችና ሕፃናት ጽሕፈት ቤት ወይም ኤንጂኦ ይገባል። ያ ዲግሪ ብቻውን ሕመም እንዲያክም አያደርገውም። በንግግር የሚያክመው ክሊኒካል ሳይኮሎጂስት ከዚያ በላይ በሙያው ማስተርስ የሠራ፣ በሽተኛም እያየ የተለማመደ ነው። ሳይካትሪስት ደግሞ መጀመሪያ ሐኪም የሆነ፣ ከዚያ የአእምሮ ሕክምና ስፔሻላይዝ ያደረገ ነው፤ መድኃኒት ያዛል። በየሆስፒታሉ የአእምሮ ክፍል መጀመሪያ የምናገኛቸው ግን ብዙውን ጊዜ ሳይካትሪ የተማሩ ነርሶችና የአእምሮ ጤና ባለሙያዎች ናቸው። ሥራውን በአብዛኛው የሚሸከሙት እነሱ ናቸው።

ወረቀቱም አንድ አይደለም። የጤና ባለሙያ የሙያ ሥራ ፈቃድ ከጤና ዘርፉ ነው የሚወጣው፤ በእኛ ክልል ከክልሉ ጤና ቢሮ። ስሙ፣ ፎቶው፣ የሙያው መጠሪያና የሚያበቃበት ቀን ይኖርበታል። የሚያክምበት ክሊኒክ ደግሞ የራሱ የብቃት ማረጋገጫ አለው። ንግድ ፈቃዱ ሦስተኛ ነው። እሱ ሰውየው ግብር እንደሚከፍል ይነግረኛል እንጂ ስለ እቴቴ እንቅልፍ ምንም አይነግረኝም። ሦስቱም ማኅተም አላቸው፤ ሦስቱም «ፈቃድ» ይባላሉ። እኔን ያታለለኝ ቃሉ ነው።

«መጀመሪያ ግን ጤና ጣቢያ ውሰጃት» አለችኝ መምህርቷ። «ሰው ሳይኮሎጂስት ፍለጋ ሲሮጥ የታይሮይድ፣ የአንገት ዕጢ፣ በሽታው ይረሳል። እሱም ልብ ያስመታል፣ እንቅልፍ ይነሣል።»

እቴቴን ዳግም ለማሳመን ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ። ይቅርታ ጠየቅኋት። የጤና መድን ካርዷን ይዘን ከሰፈሯ ጤና ጣቢያ ጀመርን፤ በመድን ለመታከም ሪፈሩ ከዚያ መነሣት አለበት። ከዚያ የመንግሥት ሆስፒታል፣ የአእምሮ ሕክምና ክፍል።

አግዳሚው ላይ ሰው ሁሉ አንገቱን ደፍቷል። እቴቴም ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ሳበች። ትንሽ ቆይቶ ጎኗ የተቀመጡት ሴትዮ ጎንበስ ብለው አዩዋት። እሷም አየቻቸው። የበርበሬ ደንበኛዋ ናቸው። ሁለቱም ለአንድ አፍታ እንዳልተያዩ ለመሆን ሞከሩ። ከዚያ ሴትዮዋ «በርበሬሽ ነው እዚህ ያደረሰኝ» አሉ። አግዳሚው በሙሉ ሳቀ። ከዚያ በኋላ ነጠላዋ ወረደ። እኔ ስንት ሰዓት ስለምናት ያልሆነውን እሳቸው በአንድ ቀልድ ጨረሱት።

ያየቻት ወጣት ባለሙያ ናት። «እማማ» እያለች፣ በእርስዎ፣ ረጋ ብላ ጠየቀቻት። ባለፉት ሁለት ሳምንታት ስንት ቀን እንቅልፍ አጡ? ስንት ቀን ነገሩ ሁሉ አስጠላዎት? እንዲህ እያለ ዘጠኝ ጥያቄ አለ። ዘጠነኛው ስለ ሞት ነው። እኔ ሰቀቀኝ። ለካ ይህን መጠየቅ ሐሳቡን አይጭርም፤ እንዲያውም ለሚያስበው ሰው መተንፈሻ ይሆነዋል። እቴቴ ትንሽ አሰበችና «መሞትስ አልፈልግም፤ መተኛት ነው የምፈልገው» አለች።

ደሟ ታየ። ታይሮይዱ ደህና ነው። ከአስደንጋጭ ነገር በኋላ የሚመጣ የጭንቀት ሕመም ነው፣ ድባቴም አለበት ተባለ። ጠዋት ጠዋት የሚዋጥ ፍሉኦክሴቲን የሚባል የድባቴና የጭንቀት መድኃኒት ታዘዘላት። «ዛሬ ውጠው ነገ አይጠብቁት፤ ሁለት ሦስት ሳምንት ይፈልጋል፤ ሱስም አያስይዝም» ተባለች። ለእኔ ደግሞ እውነቱን ነገረችኝ። «ሰልፉን አይተሽዋል። እኔ ለአንድ ሰው ያለኝ ደቂቃ ትንሽ ነው። ንግግሩን በደንብ የሚሠራ ክሊኒካል ሳይኮሎጂስት ብታገኙላት ጥሩ ነው።»

ስለዚህ ፍለጋው እንደገና ተጀመረ። አሁን ግን የምጠይቀውን አውቃለሁ።

ከባለሙያዋ አንድ ስም፣ ከመምህርቷ ሁለት ስም አገኘሁ። የከተማው ጤና መምሪያም ሄጄ የትኞቹ የግል ክሊኒኮች በአእምሮ ጤና እንደሚሠሩ ጠየቅኩ። ሰውየው «እህቴ፣ ሰው ስለ ምግብ ቤት ንጽሕና ነው እንጂ ስለዚህ መጥቶ አያውቅም» ብሎ ተገረመ። ግን አየልኝ። ለሦስቱም ደወልኩ። ሙያህ ፈቃዱ ላይ ምን ተብሎ ነው የተጻፈው? እስከ መቼ ነው? ጦርነት ያየ ሰው አክመህ ታውቃለህ? መጀመሪያ ቀን ምን ታደርጋለህ?

የመጨረሻው ጥያቄ የእኔ ፈጠራ ነው፤ ከ800 ብሩ የገዛሁት።

አንደኛው ፈቃዱ እድሳት ላይ መሆኑን ነገረኝ። ስላልዋሸኝ አመሰገንኩት። ሁለተኛዋ አዲስ አበባ ናት፤ በስልክ ትሠራለች። ጥሩ ሰው መሰለችኝ፤ ዋጋዋም ደህና ነው። እቴቴ ግን «ለስልክ አላለቅስም» ብላ ገገመች። ኔትወርኩንም ለሚያውቅ ክርክሯ ባዶ አይደለም፤ በመሀል «ሃሎ? ሃሎ?» እየተባለ የሚወራ ነገር አይደለም። ሦስተኛው ደሴ ውስጥ አንድ የግል ክሊኒክ በሳምንት ሁለት ቀን ያያል። ፈቃዱን ስጠይቀው ነገሬን ሳልጨርስ ፎቶ አንሥቶ ላከልኝ። ክሊኒካል ሳይኮሎጂስት ይላል። ቀኑ አላለፈም። «መጀመሪያ ቀን ምን ታደርጋለህ?» ስለው «ስለዚያ ቀን አልጠይቃቸውም» አለኝ። በቃ፣ እዚያው ላይ ወሰንኩ።

በመጀመሪያው ቀን የጠየቃት ስለ በርበሬ ነው። ስንት ሰዓት ትነሣለች፣ ከማን ጋር ትኖራለች፣ ማታ ምን ትበላለች። የምትነግረው ከእሱ እንደማይወጣ፣ በራሷ ወይም በሌላ ሰው ሕይወት ላይ አደጋ ካለ ግን ዝም እንደማይል ነገራት። ሃምሳ ደቂቃ አለቀ። ስትወጣ «ይሄማ ሰው ነው» አለች።

ሌሊት ስንት ጊዜ እንደምትነቃ መዝግቢ ተባለች። እቴቴ ብዙም አትጽፍም። የራሷን ዘዴ አመጣች። ራስጌዋ አንድ ሲኒና ጥሬ ቡና አስቀመጠች። በነቃች ቁጥር በጨለማ አንድ ፍሬ ወደ ሲኒው ትጥላለች። ቅዳሜ ቅዳሜ የልጅ ልጇ ይቆጥራል። በመጀመሪያው ሳምንት 31 ፍሬ ነበር። ሳይኮሎጂስቱ ሲኒውን ሲያይ ሳቀና «ከወረቀት ይሻላል» አለ። የተቆጠረውን ምን እንዳደረገችው ታውቃላችሁ? ቆልታ ጠጣችው።

ጠብ የተነሣው እዚያ ላይ ነው። ከሰዓት በኋላ ቡና ቢቀር ይሻላል አላት። «ቡናዬን ካስተወኝ እሱን ነው የምተወው!» ደሴ ላይ የአሥር ሰዓት ቡና መጠጥ ብቻ አይደለም፤ ጎረቤት ነው፣ ወሬ ነው፣ ምርቃት ነው። በመጨረሻ ተደራደሩ። ቡናው ይፈላል፣ እሷም ትቀመጣለች፤ ግን አቦሉን ብቻ ቀምሳ ታቆማለች። አንዳንዴ እንደምታጭበረብር ሲኒው ይናገራል።

የበሩ ነገር ቀስ ብሎ መጣ። መጀመሪያ አተነፋፈስ ተለማመደች። ከዚያ በጠራራ ፀሐይ፣ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ፣ የቆርቆሮውን በር በገዛ እጇ ቀስ አድርጋ እንድትዘጋ። ቀጥሎ ጠንከር አድርጋ። ቀጥሎ የልጅ ልጇ እየነገራት እንዲዘጋው። ልጁ ዕድሜ ልኩን «በር አታላትም» እየተባለ ያደገ ነው፤ በሐኪም ትእዛዝ በር ሲያላትም ደስታውን አትጠይቁኝ። ልቧ መጀመሪያ ይዘል ነበር። እዚያው ቆማ ትጠብቃለች፤ ይበርዳል። በየቀኑ ትንሽ ቶሎ ይበርዳል።

ስድስተኛው ወይም ሰባተኛው ቀጠሮ ላይ፣ ማንም ሳይጠይቃት፣ ያን የጦርነት ሌሊት ራሷ ነገረችው። ለእኔ አሁንም አልነገረችኝም። አለቀሰች፤ ግን ያን ማታ ተኛች።

የግል ክሊኒኩን መድኑ አይከፍልም። በአንድ ጊዜ 500 ብር ነው፤ ከልጆቿ ጋር ተካፍለን እንከፍላለን፣ በደረሰኝ። አንዳንድ ሳምንት አይመቸንም፤ ቀጠሮው ወደ ሁለት ሳምንት ይገፋል። መድኃኒቱን ከሆስፒታሉ እየወሰደች ነው። በሦስተኛው ወር ሲኒው ውስጥ ዘጠኝ ፍሬ ነበር። ከዚያ ለበዓል ርችት ተተኮሰና በአንድ ሳምንት ወደ ሃያ ተመለሰ። ሳይኮሎጂስቱ «ይህ መውደቅ አይደለም፤ ይመለሳል» አላት። ተመለሰም።

ባለፈው ሳምንት ደሴ አደርኩ። ሸራ ጫማው በሩ ጋ ነው፤ ክሩ ተፈትቷል። ትራሷን ሳነጥፍ ፌስታሉ የለም። ደንግጬ «የት ሄደ?» አልኳት። ቁም ሳጥን ውስጥ ቆልፋበታለች። ቁልፉ አንገቷ ላይ ነው፣ ከማተቧ ጋር ታስሯል።

«ይህንማ ለሳይኮሎጂስቱ እነግረዋለሁ» አልኳት።

«እንዳትነግሪው» አለችኝ። «ቁልፉንም ፍቺው ይለኛል።»